ጥፋቱ የሶልደሩ ነውን? ከጎንደር ለመጣ የጥገና ባለሙያ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጎንደር አራዳ አካባቢ የቴሌቪዥንና የላፕቶፕ ጥገና ሱቅ አለኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የዛሬ ዕቃ የማይበረክተው ያለ እርሳስ በተሠራ ሶልደር ስለሚበየድ ነው ይላል። ስለዚህ የሚመጣልኝን ቦርድ እርሳስ ባለው ሶልደር ደግሜ እበይዳለሁ። ምስል ያቆመ ላፕቶፕ ሲመጣ ደግሞ የግራፊክስ ቺፑን በሙቅ አየር አሞቅቼ እመልሳለሁ። ብዙዎቹ ይነሣሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ይመጣሉ። ከእርሳስ ነጻ የሆነው ሶልደር በእርግጥ የማያስተማምን ነው? እኔስ የትኛውን ልጠቀም?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልስጥህና ወደ ምክንያቱ ልሂድ። በአግባቡ የተሠራ ከእርሳስ ነጻ ብየዳ ደካማ አይደለም። በቤትና በቢሮ ዕቃዎች ላይ እርሳስ ካለው እኩል ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም ይበልጠዋል። የሚሸነፍባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነርሱንም እነግርሃለሁ። ተመልሶ የሚመጣብህ ላፕቶፕ ግን የታመመው በቦርዱ ሶልደር አይደለም፤ በሙቅ አየር የምታደርግለትም ጥገና ሊባል አይችልም። ይህን ሳልሸፋፍን የምጽፍልህ ደንበኛህ ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን በአንተ ላይ ያለውን እምነት ጭምር ስለሆነ ነው።

ነገሩን ከብረቱ እንጀምር። ክፍሎችን ከቦርዱ ጋር የሚያጣብቀው የለመድነው ሶልደር 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ነው። በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ጊዜ ይቀልጣል፤ በዚያው ሙቀት በአንድ ጊዜ ይረጋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው መመሪያ ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ተግባራዊ ሲሆን፣ በመመሪያው የሚሸፈኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ማንኛውም ወጥ ቁስ ከክብደቱ 0.1 በመቶ በላይ እርሳስ እንዳይኖረው ከለከለ። ፋብሪካዎች ለአውሮፓ አንድ ዓይነት፣ ለሌላው ዓለም ሌላ ዓይነት ቦርድ መሥራት ስለማያዋጣቸው ለውጡ ወደ እኛም ገበያ መጣ። በቦታው በስፋት የተተካው ቅይጥ 96.5 በመቶ ቆርቆሮ፣ 3 በመቶ ብርና 0.5 በመቶ መዳብ ነው፤ በ217 ዲግሪ መቅለጥ ጀምሮ 220 ገደማ ይጨርሳል። በርካሽ ዕቃዎች ላይ የምታገኘው ደግሞ ብር የሌለበት፣ 99.3 በመቶ ቆርቆሮና 0.7 በመቶ መዳብ የሆነው ሲሆን መቅለጫው 227 ዲግሪ ነው።

እነዚህ ቅይጦች ሲረጉ እንደ እርሳሱ አያብረቀርቁም። ፊታቸው ደብዘዝና ሸከር ያለ፣ አንዳንዴም ጥቃቅን ሽብሽብ ያለበት ነው። በእርሳስ ሶልደር የሠለጠነ ዓይን ይህን ሲያይ «ቀዝቃዛ ብየዳ»፣ ማለትም በሚገባ ሳይቀልጥ የረጋ ነው ብሎ ይፈርዳል። ብዙ ደህና ቦርድ በዚህ ፍርድ ብቻ ያለ ጥፋቱ እንደገና ተበይዷል። መልኩን ተወውና ሶልደሩ በፒኑና በመዳቡ ላይ እንዴት እንደተኛ በአጉሊ መነጽር ተመልከት። ጠርዙ እየሳሳ ሄዶ መዳቡን ከያዘ ብየዳው ጥሩ ነው። ጠርዙ እንደ ጠብታ ተጠቅልሎ ከቆመ ደግሞ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ መዳቡን አልያዘም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ብየዳ ለምን እንደሚሰነጠቅ እንምጣ። ሶልደር በክፍል ሙቀት ሳይቀር ለመቅለጥ የቀረበ ብረት ነው። ከፍጹም ዜሮ ተነሥተን ስንለካ፣ በ25 ዲግሪ ላይ ያለ ሶልደር እርሳስ ኖረውም አልኖረው ከመቅለጫ ሙቀቱ 60 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል። ስለዚህ ጫና ሲያርፍበት ቀስ በቀስ ይሳባል። ጫናውን የሚያመጣው የሙቀት መለዋወጥ ነው። ሲሊከን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ከሚሊዮን ሦስት እጅ ያህል ይሰፋል፤ የፋይበር ቦርዱ ግን ከሚሊዮን ከ14 እስከ 17 እጅ ይሰፋል። ሁለቱን አጣብቆ የያዘው ሶልደር ዕቃው በበራና በጠፋ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይጎተታል፤ ሽቦን ደጋግሞ በማጠፍ እንደሚበጥሱት ሁሉ እርሱም በመጨረሻ ይበጠሳል።

በዚህ ፈተና ሁለቱ ሶልደሮች ሲወዳደሩ የሚገኘው ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱ መጠነኛ በሆነ ሙቀት፣ ማለትም በቴሌቪዥን፣ በላፕቶፕና በራውተር ውስጥ በሚያጋጥመው ዓይነት፣ የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ቅይጥ ጠንከር ስለሚል ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ስለዚህም እርሳስ ካለው ይልቅ ይቆያል። ትልልቅ የሴራሚክ ክፍሎች በተተከሉበት ወይም ከዜሮ በታች ከብዙ ዲግሪ ተነሥቶ ከ100 ዲግሪ በላይ በሚወጣ የሙቀት ዑደት ውስጥ ግን ሚዛኑ ሊገለበጥ ይችላል። ያ የአውሮፕላንና የሞተር ክፍል ዓለም ነው፤ አንተ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው አይደለም።

የጎንደርን ነገር እዚህ ላይ ላንሣ፤ ሰዎች አያስቡትምና። ከተማችሁ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ከቺፑ ላይ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ላይ የበጋ አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ሲደፍን ቺፑ አምራቹ ካሰበው በላይ ይግላል፤ መብራት በድንገት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ዑደቱ ይበዛል። ሶልደሩን የሚያዝለው ይህ ነው፤ እርሳስ ያለውንም የሌለውንም። እንግዲህ ለአንድ ላፕቶፕ ዕድሜ ከሁሉ የሚበልጥ ውለታ ልትሠራ ከፈለግህ ቦርዱን ደግመህ አትበይድ፤ ፋኑን አውጥተህ ክንፎቹን ጥረግ፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ቅባት ቀይር። ወደ መተማ ቆላ ለሚሄድ የሶላር መቆጣጠሪያም እንዲሁ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ሳጥኑ ጥላ ውስጥ መሰቀሉ ከሶልደሩ ዓይነት ይልቅ ይወስናል።

መምህርህ ምናልባት የድሮዎቹን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች ያስታውስ ይሆናል። እነዚያ በሙሉ እርሳስ ባለው ሶልደር የተሠሩ ነበሩ። ሆኖም ጀርባቸውን ከፍተህ የከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመሩን ፒኖች በአጉሊ መነጽር ስታይ፣ በፒኑ ዙሪያ ክብ የሆነ፣ እንደ ቀለበት የቀጠነ ጥቁር ስንጥቅ ታገኛለህ። ፒኑን በወረንጦ ጫፍ ነካ ስታደርገው በቀለበቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ዘመን የጥገናው ገበያ ግማሹ ይህ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ያው ስንጥቅ ዛሬም በፓወር ሰፕላይ ቦርዶች ላይ ከባድ ትራንስፎርመርና ትልልቅ መገናኛዎች ባሉበት ይገኛል። እነዚያን ነጥቦች ደግመህ መበየድህ ተገቢ ነው። ምክንያቱ ግን የክፍሉ ክብደትና ሙቀት ነው። ቀለበት የሌለበትን ቦታ አትንካ።

ስለ ላፕቶፑ ቺፕ በሰፊው መናገር አለብኝ፤ በሙያችን ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተሳሳተ እምነት አላውቅምና። ቺፑ ሁለት ደረጃ ብየዳ አለው። የሲሊከኑ ቁራጭ ከራሱ ጥቅል (ከተቀመጠበት ማቀፊያ) ጋር በጥቃቅን ጠብታዎች ይያያዛል፤ ጥቅሉ ደግሞ ከቦርዱ ጋር በትልልቆቹ የሶልደር ኳሶች ይያያዛል። አንተ የምትወቅሰው ኳሶቹን ነው። የግራፊክስ ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ በ2008 እ.ኤ.አ. በላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ የጥቅል ቁሳቁስ ድክመት እንዳለ ገልጾ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ሲመድብ፣ ችግሩ የነበረው ውስጥ፣ ትንንሾቹ ጠብታዎች ዘንድ ነው። እነዚያ ጠብታዎች ደግሞ እርሳስ የበዛባቸው ነበሩ፤ የአውሮፓው መመሪያ ለእንዲህ ያለው የውስጥ ብየዳ በልዩ ሁኔታ ፈቅዶ ነበርና። ሰው ሁሉ ከእርሳስ ነጻ ሶልደርን የረገመበት ታላቅ ብልሽት እርሳስ ያለበት ብየዳ ብልሽት ነበር።

የኤክስቦክስ 360፣ የማይክሮሶፍት የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ፣ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 እ.ኤ.አ. ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ዓለም በሙሉ «ከእርሳስ ነጻ የሆነው ሶልደር ነው» አለ። ከዓመታት በኋላ በ2021 የኩባንያው ባለሙያዎች ራሳቸው እንደተናገሩት የተሰበሩት በክፍሉ ጥቅል ውስጥ ያሉ ማያያዣዎች ናቸው፤ ሰባሪውም በማብራትና በማጥፋት የሚመጣው የሙቀት ለውጥ ነው።

ታዲያ በሙቅ አየር ሲሞቅ ለምን ይነሣል? የሲሊከኑ ቁራጭና ጥቅሉ በሙቀቱ ሲሰፉና ሲጣመሙ የተሰነጠቁት የውስጥ ጠብታዎች ፊት ለፊት ይነካካሉ፤ ኤሌክትሪክም ለጊዜው ያልፋል። ስንጥቁ ግን አልተዘጋም። አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ያሉት ኳሶች 217 ዲግሪ እንኳ አይደርሱም፤ አልቀለጡምና የጠገንከው ብየዳ የለም። ቺፑን አንሥቶ ኳሶቹን በሙሉ መቀየርም ቢሆን ስንጥቁ ውስጥ ከሆነ ልዩነት አያመጣም። ዕድሜውን የሚቀጥለው የቺፑ መቀየር ብቻ ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ ከእርሳስ ነጻ ሶልደር በእውነት የሚያንስበትን ሳልነግርህ ባልፍ ትክክል አይሆንም። መጀመሪያ የመውደቅ ጉዳይ ነው። ይህ ሶልደር ጠጣር ስለሆነ ስልክ ሲወድቅ ድንጋጤውን ራሱ ተለጥጦ አይቀበለውም፤ በሶልደሩና በመዳቡ መካከል ወዳለው ስስና ተሰባሪ የቆርቆሮና የመዳብ ውህድ ያስተላልፈዋል፤ ስብራቱም እዚያ ላይ ይወጣል። የስልክ አምራቾች ይህን ስላወቁ ለብዙ ስልኮች የብሩን መጠን ከ3 በመቶ ወደ 1 በመቶ ዝቅ ያደረጉ ለስላሳ ቅይጦችን መርጠዋል። በፒያሳ ኮረብታ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ባጃጅ ላይ የተገጠመ ዕቃ ሲመጣልህም ከሁሉ አስቀድመህ ከባድ ክፍሎቹንና መገናኛዎቹን መርምር።

ሁለተኛው የቆርቆሮ ፀጉር ነው። በንጹሕ ቆርቆሮ የተለበጠ ገጽ በውስጡ ጫና ሲኖር ከላዩ እጅግ ቀጫጭን የብረት ክሮች ያበቅላል፤ አንዳንዶቹ ከሚሊሜትር ያልፋሉ። ሁለት ፒኖችን ካገናኙ አጭር ዙር ይፈጥራሉ። በሜይ 1998 እ.ኤ.አ. ጋላክሲ 4 የተባለው የመገናኛ ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ በአሜሪካ አብዛኛው የፔጀር (አጭር መልእክት መቀበያ) አገልግሎት ተቋርጧል፤ ለሳተላይቱ ብልሽት በምክንያትነት የሚጠቀሰው ይህ ፀጉር ነው። በኤፕሪል 2005 ደግሞ በኮኔቲከት ግዛት የሚገኘው የሚልስቶን የኑክሌር ጣቢያ አንድ ሪአክተር በመቆጣጠሪያ ካርድ ላይ በበቀለ የቆርቆሮ ፀጉር የተነሣ ቆሟል። ቀኖቹን ልብ በል፤ ሁለቱም ከአውሮፓው ክልከላ በፊት ናቸው። ፀጉሩ የሚበቅለው ከክፍሎቹ ልባጥ ላይ ነውና በሶልደሩ ውስጥ እርሳስ መኖሩ ብቻ አያስቀረውም። በልባጡ ላይ ጥቂት በመቶ እርሳስ መጨመር እድገቱን በእጅጉ እንደሚገታ ስለሚታወቅ ግን የጠፈርና የጦር መሣሪያ ሠሪዎች እስካሁን እርሳስን ሙጭጭ ብለው ይዘዋል፤ መመሪያውም እነርሱን አይመለከትም። የሕክምና መሣሪያዎችም እስከ ጁላይ 2014 ድረስ ከክልከላው ውጪ ነበሩ። ስለዚህ ከሆስፒታል ወይም ከክሊኒክ የሚመጣ የቆየ መሣሪያ እርሳስ ባለው ሶልደር የተበየደ ሊሆን ይችላል፤ ሳትለይ አትጀምር።

ሦስተኛው ድክመት የሠሪው ነው ማለት ይቻላል፤ ለስሕተት ያለው ቦታ ጠባብ ነው። እርሳስ ባለው ሶልደር 30 ዲግሪ ብትሳሳት ቦርዱ ይታገሥሃል። እርሳስ በሌለው ግን ሶልደሩ በሚገባ በሚፈስበት ሙቀትና ቦርዱ መላጥ፣ ፕላስቲኩ መቅለጥ በሚጀምርበት ሙቀት መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ነው። በክረምት በእርጥብ አየር የከረመ ቺፕ በድንገት 240 ዲግሪ ሲገጥመው በፕላስቲኩ ውስጥ የገባው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ጥቅሉን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የምትተክለውን ቺፕ አየር በማያስገባ ከረጢት ከእርጥበት መምጠጫ ጋር አስቀምጥ፤ ካልሆነም አምራቹ በሚያዘው ሰዓት ልክ በዝግታ አድርቀው።

በሱቅህ የትኛውን ትጠቀም? ለጥገና ሁለቱንም ያዝ፤ የተበየደበትን ለይተህ በዚያው ቀጥል። መለየቱ ቀላል ነው። ሙቀቱን በትክክል የሚጠብቅ መበየጃ ካለህ በ200 ዲግሪ አስተካክለህ ንጹሕ ጫፉን ትንሽ ክፍል ላይ አሳርፍ። እርሳስ ያለው ይቀልጣል፤ የሌለው እንዳለ ይቆማል፤ ከዚህ በታች የማነሣው የቢስመዝ ሶልደር ግን እርሳስ ባይኖረውም ይቀልጣል። በትልቅ የመዳብ ሜዳ ላይ አትሞክረው፤ መዳቡ ሙቀቱን ስለሚወስድ ያታልልሃል። እርሳስ ባለው ብቻ ለመሥራት ከወሰንህ አሮጌውን ሶልደር በመምጠጫ የመዳብ ሽቦ ጥርግ አድርገህ አውጣና በአዲስ በይድ። ሁለቱን በግማሽ መቀላቀል ነው መጥፎው፤ በብዙ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ጥቂት እርሳስ መጨረሻ ላይ በሚረጋው ስፍራ ተሰብስቦ ደካማ መስመር ይፈጥራል። ከሥር ኳስ ያላቸው ቺፖች ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ ከሥሩ የተቀባው እርሳስ ያለው የሶልደር ፓስታ (ሊጥ መሳይ ሶልደር) ቀልጦ ኳሱ ሳይቀልጥ ከቀረ ግማሹ የተደባለቀ፣ ግማሹ ያልተነካ ኳስ ይቀራል።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። ሌኖቮ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ ቆርቆሮንና ቢስመዝን መሠረት ያደረገ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ሶልደር ይጠቀማል። መሠረታዊው የቆርቆሮና የቢስመዝ ቅይጥ በ138 ዲግሪ ይቀልጣል። በእርሱ ላይ እርሳስ ብትጨምርበት በ96 ዲግሪ የሚቀልጥ ውህድ ሊፈጠር ይችላል፤ ከሚሠራ ፕሮሰሰር አጠገብ ያ ሙቀት ሩቅ አይደለም። በእንደዚህ ያለ ቦርድ ላይ እርሳስ ያለበት ሶልደር ፈጽሞ አታስነካ።

ስለ መበየጃው፦ ከእርሳስ ነጻ ሶልደር አልፈስ ሲልህ ሙቀቱን ወደ 450 አትስቀለው። ቆርቆሮ የበዛበት ሶልደር የመበየጃውን ጫፍ የብረት ልባጥ ይበላል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በቦርዱም ላይ መዳቡን ያሟሟል። ሙቀቱን 350 አካባቢ ይዘህ ሰፋ ያለ ጫፍ ተጠቀም፣ ፍላክስ (ብረቱን አጽድቶ ሶልደሩን የሚያፈስስ ቅባት) ጨምር፣ ትልቅ ቦርድ ከሆነ ከሥር ቀድመህ አሙቀው። ከገበያ የምትገዛውን ሽቦም ፈትነው። 63 በመቶ ቆርቆሮ ተብሎ የተጻፈበትን አቅልጠህ ሲረጋ ተመልከት፤ በቅጽበት ጠንክሮ ካበራ ትክክል ነው፤ እንደ ገንፎ እየወፈረ ቆይቶ ከረጋ ግን ቆርቆሮው የተቀነሰበት ነው። ገበያ ላይ እንዲህ ያለው አይጠፋም፤ ከዚህ የሚመጣ ደካማ ብየዳ ደግሞ በፋብሪካው አይሳበብም።

ጤናህን በተመለከተ የምጨነቅበት ነገር አለ። ሲበየድ የሚወጣው ጭስ የፍላክሱ ነው፤ በሥራው ሙቀት እርሳስ የሚተነው እጅግ ጥቂት ነው። ጭሱ አስም ስለሚያስነሣ መስኮት ክፈት፤ ጭሱን ከፊትህ የሚያርቅ ፋንም አድርግ። እርሳሱ ወደ ሰውነት የሚገባው በእጅና በአፍ ነው። ሁለት እጃቸው ሲያዝ ሽቦውን በጥርሳቸው የሚይዙ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህን ዛሬውኑ ተው። ምሳ ሲመጣ እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ፤ የሥራ ልብስህንም ይዘህ ወደ ቤት አትግባ። ለልጆች ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ አስቀምጧል።

ተመልሰው የመጡት ላፕቶፖች ላይ ዳግም ሙቅ አየር አትንፋ። መጀመሪያ የኃይል መስመሮቹን ቮልቴጅ ለካ፣ ካፓሲተሮቹን ፈትሽ፣ የማስታወሻ ካርዱን አውጥተህ በሌላ ሞክር፣ የስክሪኑን ገመድ ቀይረህ እይ፤ ምስል ያጣ ላፕቶፕ ሁሉ ቺፑ የሞተበት አይደለም። ቺፑ መሆኑን ካረጋገጥህ ለባለቤቱ የቺፑን ዋጋና የላፕቶፑን ዋጋ ጎን ለጎን ንገረውና እርሱ ይወስን። አዲስ ቺፕ ካልተገኘ ፎቶውንና ሰነዱን ከሃርድ ዲስኩ አውጥተህ ስጠው፤ የጥገና ሒሳብ ግን አትቀበለው።